የአስካለ አውራ ዶሮና ባለ መቆለፊያው ሰንጢ

በእኛ ከተማ የእድር ስብሰባ ሲንዛዛ ከተሰብሳቢው አንዱ አንገቱን ቀና አድርጎ ዛፍ ዛፉን ያያል። ዛፍ ከሌለ ጣሪያውን ያያል። ያኔ አገሬው ይስቃል፤ ሰብሳቢውም ደንገጥ ብሎ "በሉ እንቋጨው" ይላል። እንግዳ ሰው ግን አብሮ ቀና ይልና የሚታይ ነገር ሲያጣ ግራ ይጋባል። ነገሩ የመጣው ከአንድ አባባል ነው፤ አባባሉም ከአንድ ቅዳሜ ጠዋት። ታሪኩን ሲተርኩ ግማሽ ቀን የሚፈጁ ሰዎች አሉ። እነሱ አባባሉ አልገባቸውም።

አስካለ ከጎሚስታው ፊት ለፊት የምትኖር ሴት ነበረች። ከታላቅ እህቷ ከብርቅነሽ ጋር ስድስት ዓመት ተኳርፈዋል። የጠቡ መነሻ የእናታቸው ተዝካር ነው፤ ወጡ ጨው በዝቶበት "አንቺ ነሽ የጨመርሽው"፣ "የለም አንቺ ነሽ" ሲባባሉ ተለያዩ። ሽማግሌ ገባ፣ የንስሐ አባት ገቡ፣ በመጨረሻ ብርቅነሽ እንዲህ ብላ ላከች፦ "ቅዳሜ በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ መጥቼ፣ ምሳ በልቼ፣ በዘጠኝ ሰዓቱ እመለሳለሁ። የሚቀርብልኝን አይቼ ምን ያህል እንደምታከብረኝ አውቃለሁ።" ምን እንዲቀርብላት እንደምትፈልግ መናገር አላስፈለጋትም። ታላቅ እህት ለዕርቅ መጥታ ሽሮ ከቀረበላት ሌላ ስድስት ዓመት ተጀመረ ማለት ነው።

አስካለ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛች። ቅዳሜ ማለዳ ሽንኩርቷን ከትፋ ቁሌቱን ጣደች። በሁለት ሰዓት ቁሌቱ መቅላት ጀምሯል፣ ላባ የሚነጭበት ውኃ ፈልቷል። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድ። ባሏ በረሃ እርሻ ጥበቃ ላይ ነው። ሴት ያረደችው ደግሞ አይበላም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን እሳት ላይ የተጣደ ቁሌት እንዳልነበረው እርግጠኛ ነኝ።

የዶሮውን እግር በሲባጎ አስራ፣ ታቅፋው ከደጅ ወጣች። ቅዳሜ ገበያ ነውና ወንድ የተባለ ሁሉ ወንዝ ማዶ ወርዷል። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ከጎሚስታው ደጅ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር ክብ ሠርተዋል። ጎሚስታው አወቀ፣ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ደርሶልኝ እና የጭነት መኪና ሹፌሩ ተካልኝ። ተካልኝ ትናንት ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ አዲስ ሰንጢ ይዞ መጥቷል። ሰንጢ ሲባል መቼም ብርቱካን የሚላጥበት፣ ኪስ ውስጥ የሚረሳ ነገር ነው። ይኼኛው ግን ሲዘረጋ ከስንዝር ያልፋል፣ ሲታጠፍ ቡጢ ያክላል፣ ኪስ ሲገባም ሱሪ ያወርዳል።

"እባካችሁ አንዳችሁ ይህን ዶሮ እረዱልኝ" አለች አስካለ። "በስድስት ሰዓት እህቴ ትመጣለች።"

"ምን ችግር አለ፣ እትዬ አስካለ! አሁኑኑ!" አለ ተካልኝ። "እንዲያውም በዚህ በአዲሱ ነው የማርድልሽ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

"በዚህ?" አሉ ሃምሳ አለቃ። "ይኼ የሚታጠፍ ነው። የሚታጠፍ ነገር አይታመንም። አንገቱ ላይ ሳለህ እጥፍ ቢልስ? ጣትህ ከዶሮው ጋር ወጥ ይገባል።"

"ይቆለፋል እኮ፣ ጋሼ! ይስሙት።" ዘረጋው፤ ቀጭ አለ። "ሰሙ?"

"ሰማሁ። የኔም ጉልበት ቀጭ ይላል፤ ተማምኜበት ግን ዳገት አልወጣም።"

አወቀ ሰንጢውን ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው። "ክብደቱስ ደህና ነው" አለ። "ብረቱ ግን ነጭ ነው። ነጭ ብረት ዝገት አይይዘውም፤ ስለትም አይይዝም። ካራ ማለት ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው።"

"ባሌስትራ! አንተ መቼም ሠርግህም ላይ ባሌስትራ ነው የምታወራው" አለ ተካልኝ።

"አግብቼ ቢሆን ታየኝ ነበር።"

"ቁሌቴ" አለች አስካለ።

"አንድ ጊዜ!" አሉ ሦስቱም። ጠዋቱን ሙሉ የተስማሙበት ይኸ ብቻ ነው።

ተካልኝ የክንዱን ፀጉር ላጨ። ሃምሳ አለቃ "ፀጉር ምላጭም ይላጫል፤ ይኼን ሁሉ ብረት ምን አሸከመህ?" አሉት። አወቀ አሮጌ የጎማ ላስቲክ አመጣ፤ ሰንጢው ላስቲኩን ተረተረው። "ላስቲክ ለስላሳ ነው" ተባለ። ጣሳ መጣ፤ ጣሳውንም በሳው። "መብሳትና መቁረጥ ይለያያል" ተባለ። ከዚያ እጀታው ላብ ላይ ያንሸራትታል አያንሸራትትም፣ የመቆለፊያው ሞላ አቧራ ሲገባበት ይሞታል አይሞትም ወደሚለው ተሻገሩ። እያንዳንዱ ፈተና ሁለት ጭቅጭቅ ወለደ። አስካለ ዶሮዋን እንደታቀፈች ሦስት ጊዜ ቤት ገብታ ቁሌቱ ላይ ውኃ ጠብ አድርጋ ተመለሰች። አራት ሰዓት አለፈ።

"ሃምሳ አለቃ፣ የቤትዎን ካራ አምጥተው ለምን አይገላግሉኝም?"

"ካራዬን? ለዶሮ?" አሉ ሃምሳ አለቃ። "በሬ የጣለ ካራ ነው እኮ፣ አስካለ። ብረትም ይዋረዳል።"

ከጎሚስታው አጥር ሥር እማሆይ ጽጌ ማርያም ተቀምጠው ጧፍ ይጠቀልላሉ። ሥጋ ከተዉ ሠላሳ ዓመታቸው ስለሆነ በጉዳዩ ምንም የማይጠቀሙ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"ልጆቼ" አሉ፣ "ይህች ሴት እኮ እንግዳ አለባት።"

"እማሆይ፣ ስለቱ ሳይረጋገጥ ቢታረድ እንስሳው ይሠቃያል፤ ኃጢአት ነው" አሉ ሃምሳ አለቃ።

እማሆይ ዶሮውን አዩት። የተሠቃየ አይመስልም። የሰለቸው ይመስላል።

በመጨረሻ አወቀ ፈረደ። "የስለት ልኩ ገመድ ነው" አለ። "የተወጠረ ሲባጎ በአንድ ምት፣ ሳይጎትት ከበጠሰ እኔም አምናለሁ። ክርክሩም እዚህ ያበቃል።"

"አበጀህ! ሲባጎ ይምጣ!"

ተካልኝ እጁን ወደ እማሆይ ፈትል ሲሰድ "የታቦት ነው፤ እጅህን ሰብስብ!" ተባለ። ከተካልኝ መኪና በታች ፈለጉ፣ ከጎማው ክምር ጀርባ ፈለጉ። የለም። ከዚያ ሦስቱም ቀና ሲሉ ዓይናቸው እኩል አንድ ቦታ አረፈ፤ የዶሮው እግር ላይ።

"አይሆንም" አለች አስካለ።

"እትዬ አስካለ፣ እንደሁ ሊታረድ ነው" አለ ተካልኝ። "ያዢው ብቻ። በአንድ ምት ሲባጎውን በጥሼ፣ በዚያው አርደዋለሁ። ሁለት ምት ነው። ሙች!"

ከሁለት ሰዓት ጀምሮ "አርደዋለሁ" የሚል ሰው ስትጠብቅ የዋለች ሴት በአምስት ሰዓት "አርደዋለሁ" ሲሏት ምን ታድርግ? ዶሮውን ዘረጋችላቸው። ሃምሳ አለቃ አንዱን እግር፣ አወቀ ሌላውን ይዘው ሲባጎውን ወጠሩት። ሰንጢው ቀጭ አለ። ተካልኝ አንዴ ሰነዘረ።

እውነት ለመናገር፣ ሲባጎው ያለ አንዳች መንገራገር ተበጠሰ።

"አያችሁ! አያችሁ ወይ!" ብሎ ጮኸ ተካልኝ።

አወቀ የያዘውን እግር ለቆ ሊመረምር ከመሬት የሲባጎውን አንድ ጫፍ አነሣ። ሃምሳ አለቃም የያዙትን ለቀው ሌላውን ጫፍ አነሡ። አስካለ ክንፉን ብቻ ይዛ ቀረች፤ አውራ ዶሮ ደግሞ በክንፍ ተለምኖ አይቀመጥም። አንዴ ተንፈራገጠ፣ ክንዷን ቧጠጣት፣ የሃምሳ አለቃን ባርኔጣ ረግጦ ሾላው ላይ ሰፈረ። ከታችኛው ቅርንጫፍ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ደግሞ እጅም ድንጋይም ወደማይደርስበት ወጣ።

ድንጋይ ተወረወረ፣ ዱላ ተወረወረ። ተካልኝ የወረወረው ጫማ ቅርንጫፍ ላይ ተሰክቶ ቀረ። አወቀ እስከ ዛፉ ወገብ ወጣና መውረዱ አስፈራው። በዚህ መሐል የስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰ።

ብርቅነሽ ወርዳ ያየችው ይህን ነው። አንድ ሰው ግንድ አቅፎ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ በአንድ እግር ጫማ ቆሟል፤ አንድ ሽማግሌ የሲባጎ ጫፍ ለፀሐይ ይዘው ይመረምራሉ። በመካከላቸው እህቷ ላባ በላባ ሆና፣ ክንዷ ደም አውጥቶ ቆማለች።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለች። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

አስካለ ወደ ላይ ጠቆመች። "ምሳሽ" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ እረዱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እነሱ ግን ሰንጢ ይፈትናሉ።"

ብርቅነሽ ዛፉን አየች፣ ሰዎቹን አየች፣ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። እማሆይ ጧፋቸውን ገታ አድርገው አማተቡ።

"አንተ!" አለች ወደ ግንዱ። "አዎ አንተ፣ ጦጣው! ውረድ! ሦስት ወንድ አንድ ዶሮ አቃታችሁ? እናንተን ከማሰማራት ዶሮውን ሰንጢ አስይዞ እናንተን ማሳረድ ይሻል ነበር!"

ስድስት ዓመት ለእህቷ ያጠራቀመችውን ስድብ ሁሉ ሦስቱ ላይ አራገፈችው። ሲያልቅባት አስካለ ተቀብላ የራሷን ድርሻ አወረደችባቸው፤ እሷም ያጠራቀመችው ትንሽ አልነበረም። አንዷ ስትተነፍስ አንዷ እየቀጠለች ሃምሳ አለቃን ከነጡረታቸው፣ አወቀን ከነባሌስትራው፣ ተካልኝን ከነባዶ እግሩ አጠቧቸው።

"ለካ ያን ቀን የእናታችን ተዝካር ወጥ ላይ ጨው ያበዛው እንደናንተ ያለ ወንድ ነው!" ብላ ደመደመች ብርቅነሽ።

"እሱማ ወንድ ነው እንጂ!" አለች አስካለ። የስድስት ዓመቱ ጥያቄም በዚህ ተፈታ።

ምሳው ዕንቁላል ብቻ የገባበት ቁሌት ሆነ። ብርቅነሽ ሁለቴ አስጨመረች። የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ያለ እሷ ሄደ።

ውጪ ሦስቱ አሁንም ከሾላው ሥር ናቸው። ተካልኝ ሰንጢውን ዘርግቶ ወደ እማሆይ ቀረበ።

"እማሆይ፣ እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ አይተዋል። ሰው ያለውን ይበል፤ ሲባጎውን በአንድ ምት አልበጠሰውም?"

እማሆይ የመጨረሻዋን ጧፍ ጠቅልለው ቀና አሉ፤ ከላይ ከቅጠሉ መሐል ቀዩ አውራ አንዴ ጮኸ።

"በጥሶታል፣ ልጄ፤ ማን ካደ?" አሉ፤ "ሰንጢ ሲያሞግሱ ዶሮ ዛፍ ላይ ወጣ።"