ቦራና የደረቀው ኩሽኔታ

ተረት አለኝ፤ «አምጪው» በሉኝ።

ፈረስ ሲጠይቅ ብረት ይመልስ በነበረበት ዘመን፣ ቦራ የምትባል ጋሪ ጎታች ባዝራ ነበረች። ለዓመታት ይዛው የኖረችው አንድ ጥያቄ ነበራት፤ መንገዱ ያው፣ ጭነቱ ያው፣ ታዲያ ለምን እየከበደኝ ይሄዳል?

መጀመሪያ መንገዱን ጠየቀችው። «መንገድ ሆይ፣ ረዘምክ እንዴ?»

«አልረዘምኩም። እዚያው የተኛሁበት ነኝ» አላት።

ቀጥላ የሽንኩርቱን ጆንያ ጠየቀችው። «ጆንያ ሆይ፣ ከበድክ እንዴ?»

«አልከበድኩም። እንዲያውም ነጋዴዋ እትዬ ሽታዬ ሲሞሉኝ እጃቸው ይሰስታል» አላት።

ሦስተኛ የሚጠየቅ አጣች። እንግዲህ አርጅቻለሁ ማለት ነው ብላ አንገቷን ደፍታ መጎተቷን ቀጠለች። በአንድ ነገር ብቻ ትኮራ ነበር፤ ጭነት ይዛ መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም።

ባለጋሪው እንግዳወርቅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። የቀኙ ጎማ ሲጢጥ ሲጢጥ ማለት ሲጀምር ውሃ ደፋበት። ዝም አለ። ሰንበት ብሎ እንደገና ጮኸ። እትዬ ሽታዬ ከጆንያቸው ጎን ተቀምጠው «አንተ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምትወስደን?» ብለው ተሳፋሪውን አሳቁበት። እሱም አፍሮ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ ከላይ ከላይ ቀባው። ዝም አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ዘይቱን ጨመረበት፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጨርሶ ጠፋ።

ጋሪው ግን ይባስ ዘገየ። እንግዳወርቅም አሰበና፣ ጎማው ድኗል፣ ስለዚህ ያለቀላት ፈረሷ ናት አለ። ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ከወንዙ ማዶ ሊለቃት መቁረጡን ለእትዬ ሽታዬ ሲነግራቸው ቦራ ሰማች። ከወንዙ ማዶ የሚጠብቃት ጅብ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዳገቱ መሐል ላይ፣ ከጎማው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ቦራ፣ አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ኩሽኔታው። ጎማው የሚዞረው በእኔ ነው። የሚያለሰልሰኝ ግራሶ ካለቀ ቆየ። ብጮህ ውሃ አጠጣኝ። ብጮህ በላዬ ዘይት ቀባ። ዘይቱ አቧራ ጠራብኝ፤ አቧራው ገብቶ የብረት ኳሶቼን እየፈጨ ነው።»

አቧራም ከውስጥ ሆኖ «እኔ ምን አጠፋሁ? ዘይት ተነጥፎልኝ ነው የገባሁት» አለ።

«ጩህልኝ» አለች ቦራ ኩሽኔታውን። «ዛሬ ካልጮህክልኝ ነገ የለሁም።»

«ድምፄን ጨርሻለሁ። አንቺ ግን እግር አለሽ።»

ቦራ አሰበች። ብትሄድ፣ ቆማ የማታውቅ ፈረስ እንደተባለች ጅብ ይበላታል። ብትቆም አለንጋ አለ።

ቆመች።

እንግዳወርቅ ለመናት፣ ተቆጣት፣ አለንጋውን አሳረፈባት። ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፤ ኮቴዋ ግን አልተነሳም። እትዬ ሽታዬ ሰልችቷቸው ሲወርዱ የጎማውን መሐል ተደገፉና እጃቸውን መንጭቀው ሳቡት።

«ፈረሷን ተዋት» አሉ ጣታቸውን እያራገቡ። «ይሄማ ቆሎ ይቆላል። ለመሆኑ ክዳኑን ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?»

እንግዳወርቅ ብረቱ እስኪበርድ ዳገቱ አናት ላይ ካለው ጋራዥ ነጭ ጋዝና ግራሶ ይዞ ተመለሰ። ክዳኑን ሲከፍተው ግራሶ የነበረበት ቦታ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ኩሽኔታውን አውጥቶ በጋዙ አጠበው፤ አቧራም እያጉረመረመ ወጣ። ደግነቱ ኳሶቹ ገና ተበልተው አላለቁም ነበር። አዲሱን ግራሶ በመዳፉ እየጫነ በየመሐላቸው አስገባና መልሶ ገጠመው። ጎማውን በአንድ ጣት ቢነካው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ።

ከዚያ አለንጋው ያረፈበትን የቦራን ጀርባ ዳበሰ። ስለ ወንዙ ማዶ ዳግመኛ አላነሳም።

ቦራ ዳገቱን ስትጨርስ፣ ጋሪው በራሱ የሚከተላት እንጂ የምትጎትተው አልመስልሽ አላት። የሚጮኸውን ዝም ማሰኘት እሱን መጠገን አይደለም፤ ዝም ብሎ ሲቃጠል ጥፋቱ በሚጎትተው ላይ ይወድቃል። ይህን ያወቀችው ቦራ አንድ ነገር ወሰነች፤ ከእንግዲህ ሸክም ሲከብዳት፣ አርጅቻለሁ ከማለቷ በፊት ትቆማለች።

እኔም ተረቴን እዚህ ከጋሪው ፈታኋት፤ ጭነቱን እናንተ አውርዱ።