ድንጋዮቹ እስኪቀመጡ

የእኛ አገር ሰው ኩራተኛ ባየ ቁጥር የሚመዝዛት አንዲት ተረት አለች። ተረቷን የማያውቅ የለም፤ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን ስለጠፋ፣ ሳንጠየቅ እንናገራለን።

ከመንደሩ በላይ፣ ሸንተረሩ አናት ላይ፣ ሦስት ረጃጅም ቋጥኞች ጎን ለጎን ቆመዋል። ጫፋቸው ነጣ፣ ወገባቸው ጎበጥ ስላለ፣ ከሩቅ ላያቸው ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች ይመስላሉ። ድሮ ለአንድ ሰነፍ ሚስት ሊጠይቁ ሄደው፣ «ጎበዝ አራሽ ነው» ብለው በመዋሸታቸው በቆሙበት ደርቀው ቀሩ ይባላል።

ልንገረው የሚባለው የመንደሩ ጎረምሳ ግን ሰነፍ አልነበረም። አራሽ ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ የአያ ጓንጉልን ልጅ እንጉዳይን ከነፍሱ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አንድ ነው፤ ሰው አይጥመውም። ሽማግሌ ለመላክ ሲነሳ አንዱን «ሲናገር ምራቁ ይረጫል»፣ ሌላውን «ሲያላምጥ ወንዝ ማዶ ይሰማል» እያለ ጣለ። ያገሩን ትዳር ሁሉ በሽምግልናቸው ያቆሙትን አያ ቢያድግልኝን እንኳ «ጋቢዎ አርጅቷል» አላቸው፤ ያውም ፊት ለፊት።

እንጉዳይ ይህን ሰምታ ምንጭ ዳር ጠበቀችው። «ሂድና አያ ቢያድግልኝን ይቅርታ ጠይቅ። እሳቸው ከመጡ አባዬ እምቢ አይልም።»

«የተሻሉ አግኝቻለሁ» አላት።

«እነማን?»

በአገጩ ወደ ሸንተረሩ አመለከታት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

በማግስቱ ልንገረው አያ ጓንጉል ደጅ ቆመ። «ሽማግሎቼ እነዚያ ናቸው። አይበሉ፣ አይጠጡ፣ አያንኮራፉ። ከደጅዎ ፊት ለፊት ቆመው ልጅዎን ይለምናሉ።»

አያ ጓንጉል ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ሳቃቸው ቁጣቸውን ቀደመው። ወደ ቋጥኞቹ ዞረው፣ «እናንተ የተከበራችሁ፣ ተቀመጡ እንጂ!» ብለው ተጣሩ። ጥቂት ጠበቁ። «አየህ፣ እምቢ አሉ። ደንቡን ታውቃለህ፤ ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር አይቀመጥም። እንግዲህ ተናግረው የተቀመጡ ዕለት ልጄን ውሰድ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ልንገረው ግን የምሥራች እንደሰማ ሰው ሸንተረሩን እየሮጠ ወጣ። ከየቋጥኙ ሥር አጎዛ አነጠፈ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ አስታራቂ መስሎ አግባባ። «ስለ እግዜር፣ ጉልበታችሁን እንኳ አጠፍ አድርጉ!» ክረምቱ ሲገባ የገዛ ጋቢውን አውልቆ ለመሀለኛው አለበሰ። እርሻውን ዳዋ በላው።

እንጉዳይ አላስችል ብሏት ወጣች። «ልንገረው፣ በሞቴ ሰው ላክ! የማዶዎቹ ሊጠይቁኝ ነው።»

«ትንሽ ታገሺኝ፤ የግራው ለዘብ እያለ ነው።»

እያለቀሰች ወረደች።

በኅዳር አያ ቢያድግልኝ ለማዶው ልጅ ሽማግሌ ሆነው አያ ጓንጉል ቤት መጡ። ጉዳያቸውን ቆመው ተናገሩ፣ እሺ ተባሉ፣ ተቀመጡ።

በጥር ሰርገኛው ሙሽራይቱን ይዞ በሸንተረሩ ሥር ሲያልፍ አንዱ ሚዜ በቅሎውን ገታ። «ሽማግሎቹ ሦስት አልነበሩም እንዴ? አራተኛው ከየት መጣ?»

አራተኛው እጁን አወናጨፈ። «ዝም በሉ! መሀለኛው ሊቀመጥ ነው!»

ሰርገኛው በሳቅ ወደቀ። እንጉዳይ ብቻ አልሳቀችም፤ እንባዋን ጠርጋ በቅሎዋን ወደፊት ነዳች። ከኋላ በእግራቸው ይከተሉ የነበሩት አያ ቢያድግልኝ ቀና ብለው ልንገረውን ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ «አይ ልጄ! ሰው የናቀ ድንጋይ ይልካል፤ ድንጋይ የላከ ቆሞ ይቀራል» አሉ።