ዋርካ ነኝ ያለው አንበሳ

ዋርካው ከአንበሳው በፊት ነበረ። ከአንበሳው አባትም ከአያቱም በፊት ነበረ። በዚያ ሸለቆ የሚኖር አውሬ ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር፤ አንበሳውም ያውቅ ነበር፤ ነገሩን ያከፋውም ማወቁ ነው። ደንቡ አጭር ነበር፦ በዋርካው ጥላ ሥር የገባ አይበላም፤ በዋርካው ሥር የተፈረደ አይሻርም፤ ከሳሽ የቀረበበት እንደሆነም ንጉሡ ራሱ ጥፍሩን ሰብስቦ እዚያው ይቆማል። ከጥላው ውጭ ሁሉም እንደ ጥርሱ ይኖር ነበር። መልካም መንግሥት ነበር ማለቴ አይደለም። ነብሩ ነብር ነበር፣ ጅቡም ጅብ። ግን የባሰበት የሚሮጥበት አንድ ቦታ ነበረው፤ የዛሬ አንባቢ ይህን ትንሽ ነገር አድርጎ ይቆጥረው ይሆናል፣ እኔ አልቆጥረውም።

በዋርካው ሥር የሚፈርደው ጉሬዛ ነበር። ጥቁርና ነጭ ካባውን ይዞት ስለተወለደ ለሹመቱ ልብስ ማሰፋት አላስፈለገውም። አፈ ንጉሥ አድርጎ የሾመው አንበሳው ራሱ ነው፤ ይወደው ነበር። ከአደን ሲመለስ ዋርካው ድረስ እየሄደ፣ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ያወጋው ነበር፤ ጉሬዛውም ቀልድ ያውቅ ስለነበር ያስቀው ነበር። አሽከሮቹ ይህን አይተው “እንዴት ያለ ፍቅር ነው!” ይሉ ነበር። ጉሬዛው ግን ያ ክንድ ትከሻው ላይ ባረፈ ቁጥር ጥፍሩ ከየት እንደሚጀምር በዓይኑ ይፈልግ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በሚስት ነው። አንበሳው ከአሮጊት ሚስቱ የወለደው ሴት ልጆችን ብቻ ነበር። ወንድ ወራሽ አማረው፤ ከወንዝ ማዶ ያለች አንዲት ለግላጋ ሴት አንበሳም አማረችው፤ የትኛው አምሮት እንደቀደመ ነገር አዋቂዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አሮጊቷን ለማባረር በዋርካው ሥር ፍርድ ጠየቀ። ክርክሩ ከክረምት ክረምት ተጓተተ፤ በመጨረሻ ከጉሬዛው ጋር ለፍርድ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች መክረው፣ “አላጠፋችም፤ አትባረርም” አሉ። ፍርዱን ጮክ ብሎ የተናገረው ጉሬዛው ነበር፤ ሥራው ነውና።

ያን ጊዜ ቀበሮው ብቅ አለ። የቀበሮው አባት የአንበሳ ትራፊ ሲለቅም ኖሮ የሞተ ነው። ልጁ ግን ትራፊ አልበቃውም፤ ማዕዱ ሲቆረስ መገኘት ነበር የሚፈልገው።

“ጃንሆይ” አለ፤ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ነው እኔ ያደግሁት። እርስዎ ዛፍ ሥር የሚቆሙት ለምንድን ነው? ዛፉ ከእርስዎ ሥር ይቁም እንጂ።”

“እንዴት አድርጎ?” አለ አንበሳው።

“ዋርካ ማለት ምንድን ነው? ጥላ ነው። እርስዎ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ጥላ አይጥሉም?”

አንበሳው ዞር ብሎ አየ። እውነትም ጥላ ነበረው። ከዚያን ቀን በፊት ልብ ብሎት አያውቅም ነበር።

አዋጅ ተነገረ። ከዛሬ ጀምሮ ዋርካው ንጉሡ ነው፤ ከንጉሡ ሌላ ጥላ የለም፤ አውሬ ሁሉ በቀትር እየመጣ፣ ከንጉሡ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ “ከአንተ በቀር ጥላ የለኝም” ብሎ ይማል ተባለ። ዝሆኖቹ የአሮጌውን ዛፍ ልጣጭ እንዲልጡ ታዘዙ፤ አሮጊቷ ሚስት ተባረረች፤ ለግላጋዋ ወንዙን ተሻግራ ገባች። ቅርንጫፉም ለታማኞች ተከፋፈለ፤ ወፍራሙ ለጅቡ ደረሰው። ጅብ በቅርንጫፍ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ የለም፤ “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት ግን ጅቡ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው።

በመሐላው ቀን ጉባኤ ተደርጎ ንግግር ተደረገ። “ወገኖቼ” አለ ጅቡ፤ “ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። ጌታችን አንዲት ጸጉር አራግፎ ያውቃል? ዛፍ ስትጠሩት አይመጣም። ጌታችን ግን ሳትጠሩትም ይመጣል።” የመጨረሻውን ሲናገር ድኩሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከእሱ ቀጥሎ ጎሹ ተነሣ። ከሁሉም ቀንደኛ ስለሆነ ብዙዎች አንድ ነገር ይላል ብለው ጠብቀው ነበር። “እኔ በበኩሌ” አለ ጎሹ፤ “እውነቱን ለመናገር ከዚያ ዛፍ ሥር ከልጅነቴ ጀምሮ ይበርደኝ ነበር።” ብሎ ተቀመጠ።

ቀትር ላይ የአንበሳ ጥላ ከሆዱ በታች ያለችው ብቻ ናት። ስለዚህ የሚምል ሁሉ አንበሳው ሆድ ሥር ገብቶ መማል ነበረበት። የገቡት ሁሉ ወጡ ማለት አይቻልም፤ ግን አብዛኞቹ ወጡ።

ጉሬዛው አልሄደም። “አርጅቻለሁ፤ ዓይኔም ደክሟል” ብሎ ሹመቱን መለሰ፤ ከተላጠው ዋርካ ወርዶ ገደሉ አፋፍ ባለች አንዲት ቀጫጫ ግራር ላይ ከልጁ ጋር ሰፈረ። አዋጁን አልተቃወመም። “ንጉሡ ዋርካ ነው ወይስ አይደለም?” ብለው ሲጠይቁት፣ የጠያቂውን ልጆች ጤና ይጠይቃል። “ዝም አይነቅዝም” እያሉ ብዙዎቹ አመሰገኑት፤ በጊዜ ብዛት ይረሳል ብለው አስበው ነበር።

አንበሳው አልረሳም።

“ሁሉም ምለዋል፣ ጃንሆይ” አለው ቀበሮው። “አንድ ጉሬዛ ቢቀር ምን ይጎድላል?”

“አንተ ስትምል አላመንሁህም” አለ አንበሳው። “ጅቡም ሲምል አላመንሁትም። ሆዴ ሥር ሆናችሁ ነው የማላችሁት። እሱ አንድ ቀን ‘ዋርካ ነህ’ ቢለኝ ግን፣ እኔም አምናለሁ።”

ቀበሮው ይህን ሲሰማ ነገሩ ገባው። ውሸቱን ራሱ እንዲያምን የሌላ አፍ የሚፈልግ ንጉሥ ያንን አፍ እስኪያገኝ አያርፍም፤ ያላመጣለትንም አያስተርፍም። ስለዚህ ቀበሮው “አልማለም” ብሎ ጉሬዛውን ከሰሰ።

በዚያ አገር ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በአንድ ሐረግ ወገብ ለወገብ ታስረው ይቆዩ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። አንዱ እንዳያመልጥ፣ ሌላው እንዳያድም ነው። በቁራኛ ሳሉ የተነጋገሩት ለችሎት አይቀርብም የሚል አሮጌ ደንብም ነበር፤ አብሮ የታሰረ ሳይነጋገር አይውልምና።

ሐረጉ ከመታሰሩ በፊት የጉሬዛው ልጅ መጣች። ገና ጥቁር ጸጉር ያልበቀለበት ነጭ ሕፃን ደረቷ ላይ ተለጥፏል። እሷ ከማሉት አንዷ ናት።

“አባባ፣ አንዲት ቃል ናት” አለችው። “እኔ ብያታለሁ። ብያት ወጣሁ፤ ይኸው ምንም አልሆንሁም። በልቤ ‘ጥላህ እስከደረሰ ድረስ’ ብዬ ጨመርሁባት። ማን ሰማኝ?”

“ብልህ ነሽ።”

“አትቀልድብኝ!”

“አልቀለድሁም። ልጅሽን ታቅፈሽ ገብተሽ ታቅፈሽ ወጣሽ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ብልሃት አለ? አልተቆጣሁሽም፣ ልጄ። እውነቴን ነው።”

“ታዲያ አንተስ?”

ጉሬዛው የሕፃኑን ራስ ዳሰሰ። “እኔ ፈሪ ነኝ” አለ። “ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጉልበተኛውን ሁሉ ‘እዚህ መንካት አትችልም’ ስል የኖርሁት በምንድን ነው? ቀንድ የለኝ፣ ጥፍር የለኝ። የያዝሁት ቃሌን ነው። ያቺን ቃል ለእሱ ብሰጠው ለማንም የምተርፍ አይደለሁም፤ ላንቺም ቢሆን።”

“እኔ ቃልህን ምን አደርገዋለሁ? አንተን ነው የምፈልገው” አለችና አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ይህን የምጽፈው ኅሊና ያለው አያለቅስም ብለው ለሚያስቡ ነው፤ እንዲያውም የሚያለቅሰው እሱ ነው።

“እሺ፣ እንግዲያው አትናገር” አለችው ዓይኗን ጠርጋ። “አዎም አትበል፣ አይደለምም አትበል። ዝም ብሏል ተብሎ የተገደለ የለም። አባባ፣ ማልልኝ።”

“መማልስ ይቅርብኝ” አለ ጉሬዛው ፈገግ ብሎ፤ “ዝም ለማለት ግን እሞክራለሁ።”

ሞከረም። ጠዋቱን ሙሉ ቀበሮው ይጠይቃል፣ ጉሬዛው ዝም ይላል። ጉሬዛው ከግራሯ ግንድ ሥር ነበር የተቀመጠው፤ ቀበሮው ግን አዋጁን ያረቀቀ እሱ ነውና፣ ከንጉሡ ጥላ በቀር ሌላ ጥላ ስለሌለ፣ ሐረጉ እስከፈቀደለት ድረስ ርቆ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ፀሐዩ አናት ላይ ደረሰ። የቀበሮው ምላስ ወጣ፤ ዓይኑ ቀላ፤ ጎኑ እንደ ወናፍ መምታት ጀመረ። ቀበሮው እያስመሰለ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ሹመኛም ውሃ ይጠማዋል።

ጉሬዛው አየው። ፊቱን አዞረ። እንደገና አየው።

“ና፣ ወደዚህ ጠጋ በል” አለው። “እዚህ ጥላ አለ።”

ቀበሮው ምንም ሳያስብ ተነሥቶ ገባ። ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ትንፋሹም ቀስ በቀስ ተመለሰ። “እግዜር ይስጥልኝ” አለ፤ ከልቡ ነበር። ምን እንደሰማ የገባው ጥቂት ቆይቶ፣ ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ነው።

በማግሥቱ ችሎቱ በገላጣው ሜዳ ላይ ተሰየመ። ቀበሮው ቆሞ፣ “እዚህ ጥላ አለ ብሎኛል” ሲል መሰከረ። ጉባኤው አጉረመረመ። ምስክርነቱ ሐሰት አልነበረም፤ አንድ ቃል አልጨመረም።

ጎሹ ጉሮሮውን ጠራረገ። “በቁራኛ የተባለ ነገር ለችሎት አይቀርብም ነበር መሰለኝ።”

“የት የወጣ ደንብ ነው?” አለ ቀበሮው።

“በዋር…” ብሎ ጀመረና ጎሹ ሣር እንዳማረው ሆኖ አጎነበሰ።

አንበሳው ከዙፋኑ ወርዶ ወደ ተከሳሹ ቀረበ። እንደ ድሮው ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ ግን በዚያ ጸጥታ ሁሉም ሰማ። “ምስክሩ አንድ ነው፤ እሱም ቀበሮ ነው። ‘አላልሁም’ በለኝና ልቀቅህ። ያልከኝን አምናለሁ።”

ልጁ ከሕዝቡ መሀል ሆና አንገቷን ትወዘውዝ ነበር፤ ካደው፣ ካደው ማለቷ ነው። ጉሬዛው አያት። ማየት ባይችል ኖሮ ይቀለው ነበር።

“ብያለሁ፣ ጃንሆይ” አለ። “ከሳሼን ፀሐይ እየገደለው ነበር።”

“ከእኔ ሌላ ጥላ አለ ማለትህ ነው?”

“ለእሱ ነበረለት። ይኸው ከዚያው ጥላ ተነሥቶ ነው የመጣው።”

አንድ ሁለት ድኩሎች ሊስቁ ሲሉ ተዉት። አንበሳው ክንዱን አነሣ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ልመናውን የተከለከለ ለማኝ ይመስል ነበር። ከዚያ ፈራጆቹ በየተራ “ጥፋተኛ ነው፣ ጥፋተኛ ነው” አሉ። ቶሎ ቶሎ ነው ያሉት፤ ሙቀቱ አላስቻላቸውም። ፍርዱ እንዳለቀ እያንዳንዱ ለብቻው ወደሚያውቃት ጥሻ ተፈተለከ፤ እዚያ ጥላው ውስጥ ተጋድሞም “ግፍ ነው፣ ግፍ ነው” አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው፤ እዚህስ ጅቡ ገና አልሄደም ነበር።

አንበሳው ወዳጁን ራሱ አልበላውም። ለጅቡ ሰጠው፤ “ቆዳውን እንዳትቀድ” ብሎም አዘዘው። ጉሬዛው በመጨረሻ ጅቡን “ቀስ ብለህ፤ ካባው የመንግሥት ነው” አለው ይባላል። ልጁ ያን ጊዜ ሩቅ ስለነበረች ይህን አልሰማችም፤ የነገራት ጅቡ ነበር እንዳልል፣ ጅቡ አፉ ሙሉ ነበር።

ካባውና ሹመቱ ለቀበሮው ተሰጠ። ቀበሮው “ያሳክከኛል” እያለ ካባውን ለብሶት አያውቅም፤ ለምን እንዳሳከከው አልተናገረም። ብዙም አልቆየ። ከለግላጋዋ በኋላ ለንጉሡ ያመጣለት ሌላ ሚስት ጠረኗ አላማረውም፤ በዚሁ ተቆጥቶ አንበሳው ቀበሮውን ከጅቡ ጋር በቁራኛ አሳሰረው። ጅቡም እንደ ቀበሮው ጥያቄ አላበዛም፤ ማታውኑ ከሐረጉ ጫፍ የታሰረ አልተገኘም። አንበሳው ግን ዋርካ ነውና ቀትር በመጣ ቁጥር ለሕዝቡ ጥላ ሊሆን ፀሐይ ላይ ይቆማል። ጋማው ተመለጠ። አንዳንዴ አሽከሮቹን “እስቲ አንድ ቀልድ የሚያውቅ?” ይላቸዋል፤ የሚያውቅ አልነበረም።

አፈ ንጉሥ የሆነው ጅቡ ነው። ካባውን እሱ ለበሰው።

በዚያ በጋ የጅቡ የእኅት ልጅ ገደሉ አፋፍ ያለችው ግራር የእኔ ናት ብሎ ተነሣ። ያቺ ግራር ከሄደች የጉሬዛው ልጅና ሕፃኗ የሚያድሩበት የላቸውም፤ መሬት ላይ ያደረ ግልገል ጉሬዛ ደግሞ ነጋ አይባልለትም። ስለዚህ አባቷን ለብሶ ከተቀመጠው ጅብ ፊት ቀርባ እጅ ነሣች። ጉዳይዋን ዓይኗን ሳታነሣ ተናገረች። ሕፃኑ አሁን ጥቁር ጸጉር ጀምሯል፤ የሚያውቀው መስሎት እጁን ወደ ካባው ሲዘረጋ መልሳ ያዘችው።

ጅቡ ይህን አይቶ፣ “ልጅሽ ካባዬን ወደደው መሰለኝ” አለ። “አንቺስ? ያምርብኛል?”

“ያምርብዎታል፣ ጌታዬ” አለች።

ጅቡ ደስ አለው። በልቶ የሚያስታውስ ጅብ የለምና፣ ከልብ በሆነ ድምፅ፣ “አነጋገርሽ የጨዋ ነው። ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?” ሲል ጠየቃት።

ዝም አለች። ጅቡ ዓይነ አፋር ናት ብሎ አለፈው፤ ግራሯን ፈረደላትና የሚቀጥለውን ባለጉዳይ አስጠራ።