ዘይቱ ወርዷል ብለን ከያዝን

የወለድና የበጀት ፖሊሲ ውጤትን በኮምፒውተር ሞዴል የሚተነብዩት ዶክተር አጥናፍሰገድ፣ አንድ ቀን ጋዜጠኞችና አንድ ደንብ አስከባሪ አስከትለው ገበያ ወረዱ። የባንክ ወለድ ጨምሯል፣ የመንግሥት ወጪም ተቀንሷል፤ ስለዚህ ሞዴላቸው እንደሚለው የዘይት ዋጋ ወርዷል። የጠፋው መውረዱን የሚመሰክር ዘይት ብቻ ነበር።

ዶክተሩ አንዲት ዘይት ቸርቻሪ ሱቅ ፊት ቆመው ዋጋ ጠየቁ። ሴትዮዋ ስትነግራቸው ዓይናቸው በርበሬ መሰለ።

«ይህ ዋጋ በሞዴላችን ውስጥ የለም!»

«እኔም እዚያ ውስጥ ሱቅ የለኝም፣ ጌታዬ። ዘይቱ በዶላር ተገዝቶ በመርከብ ነው የሚመጣው።»

የጋዜጠኞቹ ካሜራ ይህንንም ቀዳ። ዶክተሩ በንዴት ወደ ደንብ አስከባሪው ዞሩና፣ «አሁኑኑ እኛ ባልነው ዋጋ ካልሸጠች ሱቋን አሽገው!» አሉ።

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ የልጆቿ ቀለብ የሚወጣው ከዚያችው ሱቅ ነው። ቢሆንም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እታዘዛለሁ። ግን ዶላሩ እንዲህ እየጨመረ ዘይቱ እንዴት እንደወረደ ብቻ ያስረዱኝ» አለች።

ዶክተሩ ማስተማር ስለሚወዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀላል ነው። እኛ ስናሰላ ዶላሩ አልጨመረም ብለን እንይዛለን።»

«ቢጨምርም?»

«ቢጨምርም! ሳይንሱ የሚሠራው እንዲህ ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ ምን አደከመዎት?» አለች ሴትዮዋ። «ሱቁም ታሽጓል ብለው ይያዙና በሰላም ይሂዱ።»

ገበያው በሳቅ ሲያውካካ፣ ደንብ አስከባሪውም ማሸጊያውን ኪሱ ከተተ።