ባዶ እጄን አልሄድም ያለው አናጢ

ደሴ ላይ አንድ አናጢ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም። ስሙን ከነገርኳችሁ እሱን ታሙታላችሁ እንጂ ራሳችሁን አታዩም። አውቃችኋለሁ።

ይህ ሰው በጎረምሳነቱ አሰብ ወደብ ነበር የሚሠራው። ሥራው ሳምቡክ መጠገን ነው። ሳምቡክ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሸራ፣ በነፋስ የሚሄድ የእንጨት መርከብ ነው። እዚያ ይማም የሚባል መርከበኛ ጓደኛ ነበረው። ይማም እስላም፣ እሱ ክርስቲያን፤ ግን ያያቸው ሁሉ ያንድ እናት ልጆች ናቸው ይል ነበር።

በጦርነቱ ግርግር ጊዜ ሰው ከአሰብ በእግሩ ሲሸሽ፣ አናጢውን በረሃው መሐል ወባ ጣለው። ሰው አለፈው። ማን ማንን ያያል? ይማም ግን አዘለው። የራሱን ውሃ አጠጣው። አናጢው "ተወኝ፣ አንተም ትሞታለህ" ቢለው፣ "ዝም በል፣ ስታወራ ትከብዳለህ" አለው።

እንዲህ ያለ ወዳጅ ስንታችን አለን? እስቲ እጅ አውጡ። አያችሁ!

ከዚያ በኋላ ተለያዩ። ይማም ባሕር ለምዶ ጅቡቲ ገባ፣ እዚያው መርከብ ላይ አረጀ። አናጢው ደሴ ላይ አገባ፣ አልጋና ቁም ሳጥን እየሠራ ኖረ። አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር።

አንድ ቀን ስልክ ጮኸ።

"አናጢው! አለህ እንዴ?"

ይማም ነው! ስኳር በሽታ ይዞት፣ በሽታው ዓይኑን እየጎዳው፣ ኮምቦልቻ ልጁ መዲና ዘንድ ገብቷል። ሰው ጠይቆ ጠያይቆ ስልኩን አገኘ።

"ዓይኔ ብዙ አይቆይም ብለውኛል" አለው። "ሳይጨልምብኝ ና። ልይህ።"

ኮምቦልቻ! ከደሴ ኮምቦልቻ ምን ያህል ነው? ሚኒባስ ውስጥ ገብተህ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድክ፣ ደረስክ። ሰው ለገበያ ሄዶ ለምሳ ይመለሳል!

ሄደ?

አልሄደም።

ለምን አልሄደም? ጠልቶት ነው? ሲያለቅስ ነው የዋለው! ሥራ በዝቶበት ነው? ሥራውንማ ዘጋው! ሚስቱ ዘርፌ ጋቢውን አውጥታ "ተነሥ እንጂ" ስትለው ምን አላት መሰላችሁ?

"በጀርባው ላዘለኝ ሰው ባዶ እጄን ልሂድ?"

"ብርቱካን ያዝለት።"

"ነፍሴን ላተረፈኝ ሰው ብርቱካን? ዘርፌ፣ እግዜርን ፍሪ እንጂ!"

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። ምነው ባልመጣለት! "ይማም ዓይኑ ሳይጠፋ ማየት ያለበት ነገር አለ" አለ። "ሳምቡካችንን እሠራለታለሁ። ትንሽ አድርጌ፣ ግን አንዲት ነገር ሳላጎድል።"

ጀመረ። ዋንዛ አመጣ፣ ሰነጠቀ፣ ላገ። በትልቁ መርከብ አንድ ክንድ የሆነው በዚህ አንድ ጣት ነው፤ ልኩ ይህ ነው። የሆዱን አጥንቶች እንደ በግ ጎድን አንድ በአንድ አጎበጠ። ጣውላውን በላያቸው አለበሰ። በጣውላና በጣውላ መሐል፣ ልክ እንደ እውነተኛው፣ ጥጥ በዘይት እየነከረ በመርፌ ጠቀጠቀ። እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ መርከብ ውሃ ላይ ሊሄድ ነው? ኮምቦልቻ ባሕር አለ? ውሃ እንዳይገባው ይጠቀጥቃል!

ሆዱ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ዘርፌ አየችውና "እሰይ፣ በል አሁን ውሰድለት" አለችው።

"ያለ ሸራ? ራቁቱን?"

አቡጀዲ ገዛ። ነጭነቱ አዲስ ሆነበት፤ የባሕር ሸራ እንዲህ አይነጣም ብሎ ሻይ ውስጥ ዘፈዘፈው። አደረቀው። መቅላቱ በዛ ብሎ እንደገና አጠበው። ዘርፌ ጓሮ ገመድ ላይ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ የመርከብ ሸራ ታገኛለች።

ይማም ደወለ። "አናጢው፣ ምነው ቀረህ?"

"እየመጣሁ ነው ወንድሜ! ትንሽ ነገር ቀረችኝ።"

"አሁን ሰው ሲመጣ የማየው በጉም ውስጥ እንዳለ ነው። ቶሎ በል።"

ይህን የሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ይሮጣል አይደል? እሱም ሮጠ። ወደ መርከቡ!

ሸራው ወጣ። ቀጥሎ ገመዱ መጣ። ከሸራው ጫፍ ወርዶ ከመርከቡ ጎን የሚታሰር አንድ ገመድ አለ፤ በየት በኩል ዞሮ እንደሚታሰር ጠፋበት። ስንት ዘመን አለፈው፣ እንዴት ያስታውስ? ያስራል፣ ይፈታል። እንዲህ ነበር ይላል፣ አይ እንዲያ ነበር ይላል። በዚች አንዲት ገመድ ሰኔ ወጥቶ ሐምሌ ገባ።

ዘርፌ መሯት "አንተ ሰውዬ፣ ይማም መርከበኛ አይደል? ገመድ ማሰር ሥራው አይደል? ሄደህ ራሱን አትጠይቀውም?" አለችው።

"ስጦታውን ሳልጨርስ ለባለቤቱ ላሳይ? ምን ዓይነት ሴት ነሽ?"

ምን ዓይነት ሴት ናት? አእምሮ ያላት ሴት ናታ!

እኔ በዚህ ሰው እንዴት እንደምናደድ! ክፉ ቢሆን አልናደድም ነበር። ክፉ ሰው ክፋቱን ይሠራል፣ ታውቀዋለህ፣ ዘወር ትላለህ። ይህ ግን እየወደደ ነው የሚበድለው። እጁ እስኪቆስል እየወደደ!

ገመዱን እንደመሰለው አሰረው። ቀጥሎ ቫርኒሽ ቀባ። ክረምት ነው፣ የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ቫርኒሹ አልደርቅ አለ። "በዚህ ዝናብ ይዤው ብወጣ ይበላሻል፣ መስቀል ይድረስ" አለ። ይማም ደወለ፤ "ለመስቀል" አለው። ከዚያ ወዲያ ይማም መደወሉን ተወ። አናጢው ምን አለ? "አየሽ ዘርፌ፣ ገባው። እንደማልቀር ያውቃል።"

መስቀል ደረሰ። ሰማዩ ጠራ። አናጢው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ መርከቡን በነጠላ ሸፍኖ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሚኒባስ ገባ።

ረዳቱ "አባባ፣ እሱን ጣራ ላይ እንሰረው" አለው።

"አንተን ጣራ ላይ ይሰሩህ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሐረጎን እስኪወርዱ ጉልበቱ ላይ ይዞት፣ በየኩርባው አብሮ እየተጣመመ፣ ሸራው እንዳይነካ ትንፋሹን ውጦ ኮምቦልቻ ደረሰ። እየጠየቀ የመዲናን ቤት አገኘ። ይማም ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

"ይማም! መጣሁልህ!"

ይማም ተነሣ። ፊቱን ግን ወደ በሩ አላዞረም። ወደ ግድግዳው ነው ያዞረው።

አናጢው እዚያው ቆመ። መርከቡን ታቅፎ ቆመ። ነጠላውን ልግለጥ ቢል፣ ለማን ይገልጠዋል? 

"የታለህ?" አለ ይማም፣ እጁን ዘርግቶ።

ምን ያድርግ? ይማምን መልሶ አስቀምጦ መርከቡን ጉልበቱ ላይ አኖረለት። ይማም ዳሰሰው። ጣቶቹ የሆዱን አጥንት ቆጠሩ፣ ምሰሶውን ወጡ፣ ሸራውን ዳበሱ። "ሳምቡክ ናት!" አለና ሳቀ። "ወላሂ የኛዋ ናት!" ከዚያ ጣቱ ያቺ ገመድ ጋ ደረሰችና ቆመች። "ይሄን ግን አዙረህ አስረኸዋል። በነፋስ ብትወጣ ትገለብጠናለህ።" እዚያው በጣቱ ፈትቶ አስተካክሎ አሰረው። ሳያይ! ያቺን ሰኔን የበላች ገመድ!

"ይማም፣ ይቅር በለኝ" አለ አናጢው። "ሳይጨልምብህ እንድታያት ብዬ ነው።"

"እሷን?" አለ ይማም። "እሷንማ ዕድሜዬን ሙሉ አየኋት። ስተኛም አያታለሁ። እኔ ና ያልኩህ አንተን ለማየት ነው። ልጄን ጠይቃት፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር አፈጥጥ ነበር።" ከዚያ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። "መዲና፣ ነይ እስቲ። ይህ ሰው ምን ይመስላል? ንገሪኝ።"

ልጅቷ አየችው። "ሸምግሏል አባባ። ጸጉሩ ነጭ ነው።"

"ነጭ? የሱ ጸጉርማ ጥቁር ነው፣ ማበጠሪያ የሚሰብር። ደግሞስ?"

"ያለቅሳል።"

"ተይው" አለ ይማም። "እኔ የማውቀው ሌላ ነው።"

እህቶቼ፣ ምሳሌው እዚህ አለቀ። መርከቡ ያምራል? ያምራል። ሰውየው ለፍቷል? ለፍቷል። ይማም ይቅር ብሎታል? አዎ፣ ምሳም አብልቶታል። ግን ያን ፊት ማን ያሳየው? ይህን የሚጠግን አናጢ የት አለ?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አታቀርቅሩ፣ ቀና በሉ!

አራስ ተኝታ "ቅቤ እስኪገኝ" የምትሉ እናንተ አይደላችሁም? ጎረቤት ልጇን ቀብራ "መሶብ ሳልይዝ እንዴት እገባለሁ" ብላችሁ ሠልስቱን ያሳለፋችሁት? ከእህቷ ጋር የተኮራረፈችው "ዕቃ ገዝቼ፣ ቤቷን ልታስመርቅ ስትጠራኝ እታረቃለሁ" ትላለች። ብትሞትስ? ለቀብሯ ነው ዕቃው? በእግዚአብሔር ፊት እንኳ "ትንሽ ልስተካከልና እቀርባለሁ" የምትል አለች። ምን ይዘሽ ልትቀርቢ ነው? እሱ ምን ጎድሎት?

ጌታ የታመመውን ጠይቁ ሲለን ምን ይዛችሁ አለ? እስቲ የተማራችሁ አንብባችሁ ንገሩኝ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ግን ደጋግሜ አስነብቤ ሰምቻለሁ፣ ብርቱካን የሚል የለበትም።

የኛን ነገር እኛ ነን ያበላሸነው። ባዶ እጅ ነውር ነው ብለን ተማርን፣ ልጆቻችንንም አስተማርን። መስጠቱ ደግ ነው፣ ያለው ይዞ ይሂድ! ግን የሌለው አይቅር። ስጦታው በር ሆኖ ሊያስገባን ሲገባው አጥር ሆኖ አስቀረን። ኩራት ነው ይሄ! ፍቅር አስመስለን እናቅፈዋለን እንጂ ኩራት ነው። "ምን ይዛ መጣች" እንዳይሉን ነው። የተኛው ሰው ግን እጃችንን አያይም፣ በሩን ነው የሚያየው።

እህታችን ስንዱ እዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣ ቤቷ ታማ ተኝታለች። ከዚህ ስንዘምር ይሰማታል። ትናንት ሄጄ ነበር። ምን አለችኝ? "ድምፃቸውን እየለየሁ ነው የምውለው፤ ይቺ እገሊት ናት፣ ያቺ እገሊት ናት እያልኩ" አለችኝ። ድምፃችሁን ለየች! ፊታችሁን ግን ማንም አላሳያትም። ሁላችሁንም ጠይቄያችኋለሁ፤ ሁላችሁም "ባዶ እጄን አፍሬ" ነው ያላችሁኝ።

እንግዲህ ዛሬ የመዝጊያ መዝሙር እዚህ የለም። እሷ አልጋ አጠገብ ነው የምንዘምረው። ተነሡ። አዎ፣ አሁን! ስብሰባውን የምመራው እኔ ነኝ፣ ተነሡ አልኩ። ዘንቢላችሁንም ቦርሳችሁንም ወንበሩ ላይ ተዉት፣ ዘበኛው ይጠብቀዋል።

አንቺ እዚያ ጋ፣ ወዴት ነው? ሱቅ ደርሼ? ምንም ሱቅ የለም! ነይ፣ ከፊት ሁኚ።