ለማንም የማይነገረው ቁጥር

ተረት ላወራ ነው፤ የሚሰማ ይጠጋ፣ የማይሰማ ስልኩን ይዝጋ።

ደጀን ከተማ እማማ ስንዱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የዚያን ቀን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልካቸው እንዳይዘጋ። ልጃቸው ብርቄ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ምጥ ላይ ናት። "ስገላገል እደውልልሻለሁ" ብላቸዋለች። ስልኩ ጮኸ። ብርቄ መስላቸው እመር ብለው አነሱት።

"ከስልክ ድርጅቱ ነው፣ እናቴ" አለ አንድ ማር የመሰለ ድምፅ። "መስመርዎ ዛሬ ሊቆረጥ ነው። እንዳይቆረጥ፣ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ። ለሌላ ሰው ደግሞ እንዳያሳዩ፤ ሌባ በዝቷል።"

ሌባው እሱ ራሱ ነው! ቁጥሩን ካገኘ መስመሩ የእሱ ይሆናል፤ ብርቄ ስትደውል የሚያነሳው እሱ ነው። እማማ ስንዱ ግን ምን ያውቃሉ፣ የዋህ ናቸው። "እግዜር ይስጥህ ልጄ። መነጽሬን ልብስ ሰፊው ደመላሽ ተውሶኛል፤ እስካመጣው ታገሠኝ" አሉት። እኛ ሰፈር መነጽርም እንደ ወንፊት ይዋሳል፤ ምን ይደረግ።

ደመላሽ ክርና መርፌ ይዞ ይታገላል። "እማማ፣ የሙሽራ ቀሚስ ጀምሬ መነጽሩን ብሰጥዎ በምን ልስፋ? ካውያ ያምጡልኝና መስፋቱን ትቼ ልተኩስ፤ ያኔ ይወስዱታል" አላቸው። ካውያ ያላት ጎረቤታቸው ጥሩወርቅ ናት። ጥሩወርቅም "ካውያውስ ይኸው፤ ከሰል ግን አንዲት ፍሬ የለኝም" አለች።

ስልኩ ጮኸ። "እናቴ፣ አነበቡት?"

"የት አንብቤ ልጄ። መነጽር ካልመጣ ቁጥሩ አይነበብም፣ ካውያ ካልመጣ መነጽሩ አይመለስም፣ ከሰል ካልመጣ ካውያው አይግልም። ድርጅታችሁ ከሰል የለውም?"

ድርጅቱ ከሰል የለውም። እማማ ስንዱ ከሰል ሻጩ መንጋው ዘንድ ወረዱ። የመንጋው አህያ መንገድ መሀል የከሰሉ ጆንያ ላይ ተጋድማለች፤ ቢገፏት፣ ቢለምኗት ወይ ፍንክች። "ፉርሽካ ካልሸተታት አትነሳም፤ አመሏ ነው" አለ መንጋው፣ በኩራት ጭምር።

ስልኩ ጮኸ። "እናቴ፣ ምነው?"

"ምን ላድርግ ልጄ። መነጽር ካልመጣ ቁጥሩ አይነበብም፣ ካውያ ካልመጣ መነጽሩ አይመለስም፣ ከሰል ካልመጣ ካውያው አይግልም፣ አህያዋ ካልተነሳች ከሰሉ አይወጣም፣ ፉርሽካ ካልመጣ አህያዋ አትነሳም።"

"መንገደኛ ያንብብልዎታ!"

"አንተው አይደለህ እንዴ ለሰው አያሳዩ ያልከኝ?"

ሌባው በገዛ አፉ ታሰረ። እማማ ስንዱ እያለከለኩ ወፍጮ ቤት ደረሱ። ባለወፍጮው ካሣዬ "ፉርሽካውስ ሞልቷል፤ የጆንያውን አፍ የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ነው እንጂ" አላቸው። እማማ ስንዱ ደከማቸው። ብርቄ ትዝ አለቻቸውና እንባቸው መጣ።

ስልኩ ጮኸ። "መነጽር ካልመጣ ቁጥሩ አይነበብም" ብለው ሲጀምሩ፣ ሌባው ለምዶታልና አብሮ ወረደው፦ "ካውያ ካልመጣ መነጽሩ አይመለስም፣ ከሰል ካልመጣ ካውያው አይግልም፣ አህያዋ ካልተነሳች ከሰሉ አይወጣም፣ ፉርሽካ ካልመጣ አህያዋ አትነሳም፤ ከዚያስ?"

"ጆንያ የሚይዝ ካልተገኘ ፉርሽካው አይታፈስም።"

"ታዲያ እርስዎ አይዙትም?"

"ውይ፣ እውነትህን ነው። ተባረክ፣ ብልህ ልጅ ነህ" አሉት።

ጆንያውን ያዙ፣ ፉርሽካው ታፈሰ። ፉርሽካው ሸተተ፣ አህያዋ ተነሳች። አህያዋ ተነሳች፣ ከሰሉ ወጣ። ከሰሉ ወጣ፣ ካውያው ጋለ። ካውያው ጋለ፣ መነጽሩ ተመለሰ። መነጽሩ ተመለሰ፣ እማማ ስንዱም በማታ ትምህርት በለመዱት አነባበብ፣ አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ቁጥሩንም ከሥሩ ያለውንም አነበቡ። ከሥሩ ያለው "ይህንን ቁጥር ለማንም አይንገሩ" ይላል።

ስልኩ ጮኸ። "አነበቡት እናቴ?"

"አነበብኩት ልጄ። ለማንም አይንገሩ ይላል።"

"እኔ እኮ ማንም አይደለሁም። ድርጅቱ ነኝ።"

"የጻፈው እኮ ድርጅቱ ነው። ለማንም ሲል ከእኔ በቀር አላለም።"

ሌባው ድምፁ ተለወጠ። "እንግዲያው አሁኑኑ ይቆረጣል!"

እማማ ስንዱ አሰቡ፤ ብርቄ ብትደውልስ? ግን ቀኑን ሙሉ ደጅ ለደጅ ሲዞሩ ውለዋል፤ አንድ ደጅ ቢጨመር አይገድላቸውም። "ይቆረጥ። ከተቆረጠ ድርጅቱ ቢሮ ራሴ ሄጄ መስኮቱ ላይ እጠይቃለሁ" አሉና ዘጉበት።

ከዚያ ደመላሽ ደጃፍ ተቀምጠው ጠበቁ። ፈሩም፤ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን አልነቀሉም። መስመሩ አልተቆረጠም። ስልኩ ጮኸ።

"ማን ልበል?" አሉ ቆፍጠን ብለው።

"እማ፣ እኔ ነኝ። ተገላገልኩ፤ ሴት ልጅ ናት።" ከብርቄ ድምፅ ኋላ አንድ ቀጭን ለቅሶ ተሰማ።

"እሷስ ማን ልበል?"

"ገና ስም የላትም፣ እማ። አንቺን ነው የምንጠብቀው።"

እማማ ስንዱ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ደመላሽም ካውያውን እንደያዘ ወጣ። ተረቴን ለሁሉ ስጡ፤ ቁጥሩን ግን ለማንም አትስጡ።