ጎተራ ውስጥ የተገኘው ከበሮ

በአንድ ወቅት ሽባባው የሚባል ገበሬ ሊያገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከእጮኛው ከእንጉዳይ ቤት የአባቷ ከበሮ ጠፋ። ተፈልጎ ተፈልጎ ከራሱ ከሽባባው ጎተራ፣ ከጤፉ ሥር ተገኘ። «ማን እንዳስገባው አላውቅም!» ቢል ማን ይስማው? አባቷ ጋሽ ውባንተ «ለሌባ ልጄን አልድርም» ብለው ቁጭ አሉ። ሽባባውን ሆዱን ያባባው ሌባ መባሉ ሳይሆን እንጉዳይን ማጣቱ ነበር።

በአገሩ ሚዜ ከሙሽራዋ ቤት ዕቃ ሰርቆ ጠጅ ሲከፈለው መመለሱ ያለ ነው፤ ግን ከሠርጉ ዕለት ቀድሞ የሰረቀ ሚዜ ታይቶ አይታወቅም።

ዳኛ ወንድይራድ ሦስት ፈራጆች ዋርካ ሥር አስቀመጡ። «የጠፋ ዕቃ ቤቱ የተገኘን ሰው ሰርቋል ማለት ትችላላችሁ» አሉ። «ትችላላችሁ አልኩ እንጂ ይገባችኋል አላልኩም። ከተጠራጠራችሁ ልቀቁት። ፍርድ ሳትሰጡ ደግሞ ከመቀመጫችሁ እንዳትነሱ። የሁለታችሁ ቃል ይጸናል።»

የመጀመሪያዋ ፈራጅ ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ አዛሉ ነበሩ። ሽባባው በልቡ «ተረፍኩ!» አለ። እሳቸው ግን የጎተራው አፍ ታስሮበት የነበረውን ገመድ አገላብጠው አዩ።

«ይህን ቋጠሮ ለሽባባው ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር! ሰርቋል» አሉና እንባቸውን ጠረጉ።

ሁለተኛው አቶ ድረስ ነበሩ፤ በእርሻ ድንበር ሦስት ዓመት የተካሰሱት። ሽባባው «አለቀልኝ» አለ።

«ይህን ሰው አልወደውም» አሉ አቶ ድረስ። «አለመውደዴ ግን ማስረጃ አይሆንም። ቋጠሮ እንደሆን ጓደኛም ከጓደኛው ይማረዋል። ይለቀቅ።»

ጋሽ ውባንተ «ቢለቀቅም አልድርለትም!» ብለው አጉረመረሙ።

ሦስተኛው ሸማኔው አቶ ገላው ብድግ አሉ። ዳኛው «ይቀመጡ እንጂ!» ቢሏቸውም አልሰሙ። ከበሮውን አንግተው እየደለቁ፣ «በአንድ እንስራ ጠጅ አስመልሰዋለሁ! ጠጁ የሚከፈለው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ!» ብሎ የሽባባው ሚዜ ጌትዬ ዘሎ መሃል ገባ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

ዋርካው ሥር ሳቅ ፈነዳ። «በሠርጉ ዕለት ይደብቁብኛል ብዬ ቀደምኳቸው» አለ ጌትዬ። «ሙሽራው ቤት ማን ይፈልጋል ብዬ ነው! ቋጠሮውን ልጆች ሳለን እሱው አስተምሮኛል።» ጋሽ ውባንተ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሽባባውንም አገላብጠው ሳሙት።

በሠርጉ ዕለት ሽባባው ለክብር እንግዳ የሚቀርበውን ፍሪምባ ይዞ ከሦስቱ ፈራጆች ፊት ቆመ። አክስቱ ዘመድ ሳይሉ ልባቸው ያመነበትን ፈረዱ፤ ግን ተሳሳቱ። ባላንጣው ጠላት ሳይሉ ለቀቁት፤ ግን ከሐሜት አላወጡትም። ሸማኔው እውነቱን አወጡለት፤ ግን ፍርዳቸውን ሳይሰጡ፣ የዳኛውን ትእዛዝ ጥሰው። ሦስቱንም ሲያያቸው ደስታው ዓይኑን በእንባ ሞላው።

እንጉዳይ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ኧረ ሰጥተህ ተቀመጥ!» አለች እየሳቀች።

እናንተዬ፣ «ለሦስቱም ማካፈል ይቻላል» እንዳትሉኝ። ፍሪምባ አንድ ነው። የሚቻለውን ዳኛው ነግረውናል፤ የሚገባውን እናንተ ንገሩኝ። ፍሪምባው ለማን ይገባል?